የባሏን አባት ስም ያልጠራችው ምስክር

ጉረኛ ነህ ይሉኛል፤ አልክድም። በጦር ሠራዊት ውስጥ የተከሳሽ ጠበቃ ሆኖ ትንሽ የማይጎርር ሰው ውሎ አያድርም። እስቲ አስቡት፤ ከሳሹ መኮንን፣ ዳኞቹ መኮንኖች፣ ጠበቃውም መኮንን፣ ተከሳሹ ብቻ ተራ ወታደር። የእኔንም የዐቃቤ ሕጉንም ደመወዝ የሚከፍለው አንድ ቢሮ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ደረቱን ያልነፋ ጠበቃ ወንበር የሚስብለት እንኳ አያገኝም። ስለዚህ ካኪዬን አስተኩሼ፣ ጫማዬን አስወልውዬ፣ ገና ከበሩ የረታሁ መስዬ ነበር የምገባው። ብዙ ጊዜ ተረትቼ ነው የምወጣው፤ ቢሆንም አገባቤን አልቀየርኩም።

የዚያን ክረምት ሻምበል ነበርኩ። ሰሜን ያለው ጦርነት ጠንቷል፤ ከግንባር የሚጠፋውም ወታደር በዝቷል። የበላይ አካል ምን አሰበ? የጦር ፍርድ ቤቱ በየአውራጃው ይዙር፣ የጠፋው ወታደር በትውልድ አገሩ ሕዝብ እያየው ይፈረድበት፣ ለሌላውም መቀጣጫ ይሁን አለ። እኛም በአንድ ላንድሮቨርና በአንድ የጭነት መኪና ተጭነን፣ ጭቃው እየያዘን እየለቀቀን ሆሳዕና ገባን። የተወለድኩባት ከተማ ናት። የማውቃቸው ሰዎች በመንገድ ዳር ቆመው ሲያዩኝ ሰላም ልበላቸው አልበላቸው ግራ ገባኝ።

ችሎቱ የተሰየመበት አዳራሽ ደግሞ ልጅ ሆኜ የዘመርኩበት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ተዘግቶ የስብሰባ አዳራሽ ተደርጓል። ዘማሪዎች እንቆምበት በነበረው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሦስት ዳኞች ተቀመጡ፤ ከኋላቸው ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። አግዳሚ ወንበሮቹ ግን ያው የድሮዎቹ ነበሩ። አንደኛው ላይ በምላጭ የቆረጥኩት ምልክት እስካሁን አለ፤ ገና እንደገባሁ ነው ያየሁት።

ከተሰጡኝ ተከሳሾች አንዱ ከዳምቦያ በኩል የመጣ የከምባታ ልጅ ነው። በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ዘምቶ፣ በደህና ተዋግቶ፣ ፈቃድ አግኝቶ አገሩ ገባ። በረሃ ላይ ሳለ የለከፈችው ወባ ግን ደጋ ከገባ በኋላ ተነሥታበት ጣለችው። ፈቃዱ አለቀ፤ እሱም አልተመለሰም። የጠፋ ወታደር የሚፈልጉ አሳሾች ሲደርሱ አንድ ጎጆ ውስጥ ተኝቶ አገኙት።

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ታሞ የቀረ ወታደር ያለ ፈቃድ የቀረ ነው የሚባለው፤ ጥቂት ይታሰርና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የተደበቀ ግን የኮበለለ ነው፤ በጦርነት ጊዜ የኮበለለ ደግሞ ይረሸናል። ልጁ የተገኘው ታሞ አባቱ ቤት ተኝቶ ነው ወይስ በሰው ቤት ተደብቆ? የልጁ ነፍስ በዚህች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ይህ እንዴት ይጠፋል ትሉ ይሆናል። የመንደር ምሥረታ ጊዜ ነበራ! ገበሬው ከእንሰት ጓሮው እየተነሣ ሜዳ ላይ በተሰለፉ አንድ ዓይነት የሣር ጎጆዎች ውስጥ ይሰፍራል። የአባትየው ስም አሁንም የተመዘገበው በድሮው ቦታ ነው፤ ልጁ የተያዘው በአዲሱ መንደር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለምስክርነት ሲቀርብ፣ ጎጆዎቹን ገና አከፋፍለን ስላልጨረስን ያኛው የማን እንደሆነ አላውቅም አለ። ሲናገር መሬት መሬቱን ያያል። እያወቀ ነው፤ ግን አውቃለሁ ካለ ለምን ቀደም ብለህ አላስያዝክም ሊሉት ነው። ፈሪ ብዬ አልሰድበውም፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር?

አባትየውን ልጥራ እንዳልል፣ ኮብላይ ያስጠለለ ሰው ራሱ ወኅኒ ይወርዳል። ቤቱ የኔ ነው ቢሉ ልጃቸውን አድነው ራሳቸው ሊገቡ ነው። ስለዚህ ከቤትዎ እንዳይነቃነቁ ብዬ ላክሁባቸው። የቀረችኝ የልጁ ሚስት ናት፤ ሚስትን ባሏን አስጠለለች ብሎ የሚከስ የለም።

ሚስትየው ዳምቦያ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ፣ ቁጥብ፣ አነጋገሯ ጥርት ያለ ወጣት ናት። ከችሎቱ በፊት በከምባትኛ አወያየኋት። ሕመሙ እንዴት እንደጀመረው፣ ምን እያጠጣች እንዳስታመመችው፣ ጎጆው መቼ እንደተሰጣቸው ሁሉን በቅደም ተከተል ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ምስክር በሥራዬ ዘመን ብዙ አላገኘሁም። ልቤ ሞላ። መጨረሻ ላይ ድንገት ትዝ ብሎኝ፣ የባልሽን አባት ስም ቢጠይቁሽስ አልኳት። ደንግጣ አየችኝና አልጠራም አለች።

እኔ አልገረመኝም፤ እናቴ የከምባታ ልጅ ናት። አግብታ ሆሳዕና ከመጣችበት ቀን ጀምሮ የአባቴን አባት አንድም ቀን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። ከሞቱ በኋላም አልጠራቻቸውም። በሕይወት ሳሉ ዓይናቸውን አታይም፣ በፊታቸው አታልፍም። እሳቸውም በበኩላቸው ያከብሯታል፤ ወደ ቤት ሊገቡ ሲሉ ደጅ ላይ ቆም ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። እህህ! ያኔ እናቴ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እሳቸው ገብተው ይቀመጣሉ። እኔና ወንድሞቼ ያቺን ሳል አጥንተን፣ ደጅ ቆመን እህህ እያልን እናታችንን ከሥራዋ እናስፈናጥራት ነበር። አንድ ቀን አባታችን ደረሰብንና በአርጩሜ አስለቀቀን። ከውጭ ለሚያይ ሰው ፍርሃት ይመስላል፤ በእኛ ቤት ግን ክብር ነበር።

አልገረመኝም አልኩ እንጂ አልተናደድኩም አላልኩም። አንድ ቃል እኮ ነው፣ የባልሽ ነፍስ ነው አልኳት። ዝም። እግዜር ይቅር ይልሻል አልኳት። ዝም። እኔ እዚያው ተቀምጬ ስቁነጠነጥ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን ታያለች። ስትሰለች፣ የቀረውን ሁሉ እናገራለሁ አለችኝ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ዐቃቤ ሕጉ እንዳይጠይቃት ጸለይኩ። በዚያ ዘመን ጸሎት ደግሞ በልብ ነው።

በነጋታው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምስክሬ ቆማ በገበያ አማርኛዋ ያለችውን ሁሉ ደገመችው። ሰብሳቢው ዳኛ ፀጉሩ የሸበተ የጎጃም ሰው ኮሎኔል ነው፤ ሲያዳምጣት ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይህ የሚሆነው ነገሩ ሲገባው እንደሆነ አውቃለሁ። ደረቴን ነፋሁ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ሻለቃ ነው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ብልህ። ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። መቼ አገባሽ አላት፤ ነገረችው። ጋብቻችሁ የተመዘገበበት ወረቀት አለ አላት፤ የለም አለች። ባልሽ የታመመው ማን ቤት ነው አላት፤ በአባቱ ቤት አለች። ከዚያ ወደ ጥያቄው ገባ።

«የባልሽ አባት ስም ማን ይባላል?»

ዝም አለች። ደገመላት፤ አንገቷን ደፋች። ሻለቃው ወደ ዳኞቹ ዞረና ፈገግ አለ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፣ ይቺ ግን አጎቷንም አልጠራችልን አለ። ከኋላ የተቀመጡት የአውራጃው ሹማምንት ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። ዓመታት አብሬው ኖርኩ የምትለውን የባሏን አባት ስም የማታውቅ ሴት ሚስት አይደለችም፤ ሰው ያስጠናት ሐሰተኛ ምስክር ናት፤ ትታሰርልኝ። ሰው ያስጠናት ሲል እኔን ነው ያየው።

እኔ ተከሳሹን አየሁ። በሁለት ጠባቂ መሐል ቆሟል፤ ወባ የመጠጠው ፊቱ ወደ እሷ ነው። በዓይኑ ተናገሪ የሚላት መስሎኝ ነበር። አላላትም። እሷ አንገቷን እንደደፋች እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንደተስማሙበት ነገር ሁለቱም ዝም አሉ። ያን ጊዜ እልህ ያዘኝ።

ተነሥቼ ባህሉን አስረዳሁ፤ እናቴን ሳይቀር ጠቀስኩ። ሻለቃው ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው፣ አብዮታዊ ችሎት በተረት አይመራም አለ። ከዳኞቹ መካከል የፖለቲካ ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። ኮሎኔሉ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ሻምበል፣ አንተ የተከሳሹ ጠበቃ ነህ። ያገርህን ባህል ካንተ አፍ ብቻ ሰምቼ ሰው ላድን? ልታሳየኝ ትችላለህ?»

«እችላለሁ፣ ጓድ ኮሎኔል።»

አፌ ነው የቀደመኝ። እንዴት እንደማሳይ አንዲት ሐሳብ በራሴ ውስጥ አልነበረችም። ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት ተሰጠን፤ ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ከአጥሩ ሥር ባለው የባሕር ዛፍ ጥላ ጋቢያቸው በዝናብ የራሰ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። እንዳይመጡ የላክሁባቸው አባትየው ናቸው! ከማታ ጀምረው በእግር ሲጓዙ አድረው ጠዋት ገብተዋል። ልቆጣቸው አልኩና ከዳር ሆነው ያን አዳራሽ እንዴት እንደሚያዩት ሳይ ቁጣዬ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የመጣልኝ ግን ከነጣጣው ነው፤ እሳቸውን ካስገባሁ ሊታሰሩ ይችላሉ። ይህንን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ገብተው ካዩዎት ልጅዎ ሊተርፍ ይችላል፣ እርስዎ ግን ላይመለሱ ይችላሉ አልኳቸው።

«እኔ እርሻዬን አርሻለሁ፣ ልጅም ድሬያለሁ» አሉ። «እሱ ገና ምኑን ኖረው? አስገባኝ።»

ምን እንደማደርግ አልነገርኳቸውም፤ ሲጠሩ ይግቡ ብቻ አልኩ። በዚያው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለራሳቸው ጉዳይ ከጃጁራ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘሁና ለመንኳቸው። ምን ልናደርግ አሉኝ። መግባትና መቆም አልኳቸው። ይህማ ቀላል ነው ብለው ተከተሉኝ።

ችሎቱ ሲቀጥል ለኮሎኔሉ እንዲህ ብዬ አመለከትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች በየተራ ይገባሉ፤ እኔ ምስክሯን ምንም አልጠይቅም፣ እናንተ እሷን ብቻ ተመልከቱ። ሻለቃው ትከሻውን ሰበቀ። እሷም ምን እንደመጣ አላወቀችም፤ ዳኞቹ ፊት እንደቆመች ናት።

የመጀመሪያው ሽማግሌ ገቡ። ቀና ብላ አየቻቸው፣ ለሰላምታ ራሷን ዝቅ አደረገች። ሁለተኛው ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ፤ እሳቸውንም አየቻቸው። ሦስተኛው ዘገዩ። በሩ ዝግ ነው፤ ዝናቡ ቀዝቅዟል። ከበሩ ወዲያ፣ ቀስ ብሎ፣ እህህ! የሚል ሳል ተሰማ።

እኔ ራሴ ዘለልኩ፤ አያቴ የመጡ ነው የመሰለኝ። በሩ ሳይከፈት ልጅቱ ነጠላዋን ስባ፣ ፊቷን ሸፍና፣ ጀርባዋን ለዳኞቹ ሰጥታ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ኮሎኔል ፊት መቆሟንም ረስታለች። ሽማግሌው ገቡ፤ ጀርባዋን ሲያዩ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ጥጋቸውን ያዙ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንዳቸው ለአንዳቸው ቦታ ለቀው ቆሙ።

ሻለቃው ካለበት ተፈናጥሮ ምልክት ሰጧት አለ፤ ሳሉ የተዘጋጀ ምልክት ነው።

«ምልክት ነው፣ ጓድ ኮሎኔል» አልኩ። «ቤታቸው ከገባችበት ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የሚሰጧት ምልክት ነው።»

ኮሎኔሉ ግን እንዲሁ የሚረታ ሰው አይደለም። ሦስቱንም ሽማግሌዎች አስወጣ። ወታደሮቹን በጆሯቸው አነጋግሮ፣ ሽማግሌዎቹን ጋቢ አቀያይሮ፣ ማንም እንዳያስል አስጠንቅቆ፣ ድሮ ሰባኪው ይገባበት በነበረው የጓሮ በር በኩል ራሱ ባወጣው ተራ አስገባቸው። የመጀመሪያውን አየቻቸው። ሁለተኛው ሲገቡ ቀና አለችና፣ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ነጠላዋን ሳበ። በሰው ጋቢ የገቡት የባሏ አባት ነበሩ።

ኮሎኔሉ ብዕሩን አስቀመጠ። ይህን ማንም ሊያስጠናት አይችልም፣ ሚስቱ ናት አለ። ከዚያ ሽማግሌውን ስማቸውን ጠየቃቸው፤ ተናገሩ፣ ጸሐፊው ጻፈ። ሌላ ማንም ሳይጠይቃቸው ግን ቀጠሉ። ጎጆው የእኔ ነው አሉ። ልጄን ያስተኛሁት እኔ ነኝ፤ የተኛ ዕለትም ሄጄ ለሊቀ መንበሩ ነግሬዋለሁ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሊቀ መንበሩን አልፈለገም፤ አልወቀሱትምም። ሊቀ መንበሩ እንደገና ተጠራ። ከመሬት ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየና፣ ነግረውኛል አለ። ወንድ ልጅ! እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደስ ይለኛል።

ፍርዱ ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ልጁ አልኮበለለም፤ ያለ ፈቃድ ቀርቷል፤ ጥቂት ታስሮ ወደ ክፍሉ ይመለስ። ሻለቃው አባትየው ይከሰሱልኝ ብሎ ነበር። ኮሎኔሉ ቀና ሳይል፣ የታመመ ልጁን ያላስተኛ አባት ብታመጣልኝ እሱን እከሰው ነበር አለውና መዝገቡን ዘጋ። ሻለቃው ሲወጣ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ ይቺን ደግሞ ከየትኛው የሕግ መጽሐፍ አገኘሃት አለኝ። ከእናቴ ማጀት አልኩት። ያን ቀን ካልጎረርኩ መቼ ልጎርር ነው?

ደጅ ስወጣ ልጁን ወደ መኪናው እየወሰዱት ነው። ጦርነቱ አላለቀም፤ ከእስር ሲወጣ ወደዚያው ነው። ቢሆንም ያን ቀን ነፍሱ በእጁ ነበረች፤ ለሚስቱ በእጁ ምልክት ሲሰጣት ሳቀ። እሷ ቆማ መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር አየችው።

አባትየው ከወዲያ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዙረው ቆመዋል። ጠሩኝ። እንባቸው በጋቢያቸው ሲጠርጉት ይመለሳል። ልጄን ያዳነችልኝ እሷ ናት፣ የምሰጣት ከብት የለኝም አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ስሜን ፈቅጄላታለሁ፤ ትጥራኝ፣ እንደ ሴት ልጄ ቀና ብላ ትየኝ፤ ሂድና ንገርልኝ። እኔ ሻምበሉ በሁለት ሰው መሐል መልእክተኛ ሆኜ፣ በዚያ ጭቃ ላይ ጫማዬን እያበላሸሁ ወደ እሷ ሄድኩ። ነገርኳት። በነጠላዋ እንደተሸፈነች አዳመጠችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ በላቸው» አለች። «ልጃቸው ሊሞት ሲል ያልጠራሁትን ስም ከዳነ በኋላ ምን ጎድሎብኝ እጠራዋለሁ?»

ተመልሼ እንዳለችው ነገርኳቸው። ሽማግሌው የዳምቦያን መንገድ ሊጀምሩ ከዘራቸውን አነሡ። ወደ እሷ በኩል ማለፍ ነበረባቸው፤ ከመድረሳቸው በፊት ቆም ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷም ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረችላቸው፤ ካለፉ በኋላ ራቅ ብላ ተከተለቻቸው።